አባቴ ላይ ያለ ሐቅ

አባቴ ሞቶ ገና ገላው ሳይታጠብ፣ ታላቅ ወንድሜ ሙስዓብ ከመጋረጃው ጀርባ ሼሁን ሲያነጋግር ሰማሁት። «ያቺን ጥያቄ እንለፋት» ይላቸዋል። ድምፁ ከጅምላ ሻጭ ጋር ሲከራከር የሚያወጣው ድምፅ ነው፤ ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል። ሼሁ «የትኛዋን?» ሲሉት «ሐቅ ያለው ይጠይቅ የምትባለዋን ማለቴ ነው። አፉ በሉት ማለቱ ብቻ ይበቃል» አለ።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት፣ ጀናዛው ላይ ከመሰገዱ በፊት የሟቹ ልጅ ሰዉ ፊት ቆሞ ሁለት ነገር ይናገራል። መጀመሪያ፣ ሟቹ ላይ ሐቅ ያለው፣ ያበደረው ወይም የበደለው ሰው ካለ ወደ እኛ ይምጣ፣ እኛ ተጠያቂ ነን ይላል። ቀጥሎ፣ የቀረውን አፉ በሉት፣ ማሩት ብሎ ይለምናል። ሁለቱ ተለያይተው ሲነገሩ ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ራሱ አንደበታቸው ለተሳሰረ ስንት ወላጅ አልባ ልጆች ቆሞ ተናግሮላቸዋል።

«አባትህ ላይ ነው የሚከብደው» አሉ ሼሁ በመጨረሻ። «እዳ ያለበት ሰው ነፍሱ ተንጠልጥላ ነው የምትቆይ።»

«አባቴ ራሱ የተበላ ሰው ነው። ሐቁ ያለው የሰዉን ገንዘብ የሰበሰበው ያ ድርጅት ላይ ነው። ዛሬ ያንን ብንጠይቅ እጁን የሚያወጣው አንድ ሰው አይደለም፤ መቃብሩ ላይ ገበያ ይቆማል።»

ሼሁ ሳል ሳል አሉ። «እንግዲህ የቤተሰቡ ነገር ነው» ብለው ተዉት። እኔ የማጠቢያውን ለብ ያለ ውኃ በጀሪካን ይዤ ቆሜያለሁ። መጋረጃውን መግለጥ እችል ነበር። አልገለጥኩትም። ሙስዓብ ሲወጣ አየኝና ጀሪካኑን ተቀብሎኝ «ከሱቅ አቡጀዲ ይዘሽ ነይ፤ ከአዲሱ ጥቅል ቁረጪ፣ አሮጌው ቢጫ ሆኗል» አለኝ። አባታችን የሞተው የዚያን ዕለት ሱብሒ አዛን ሳይባል ነበር። ለቅሶ ገና አልወጣልኝም።

ሰኔ ነው፤ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ከሰፈራችን ከአዲስ አለም ሱቁ ወዳለበት ቅዳሜ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ጭቃ አድርጎታል። ባለባጃጁ ሁለት መቶ ብር አለኝና፣ ፊቴን በመስታወቱ ሲያየው ራሱ መቶ ሃምሳ አደረገው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁን ከፈትኩ። ጎረቤቶቹ ነጋዴዎች ስለሰሙ በራቸውን ግማሽ ብቻ ከፍተው ነበር። የአባቴ ሱቅ ጠባብ ናት፤ ሦስት ሰው ከቆመ አራተኛው በር ላይ ይጠብቃል። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያች ውስጥ ሜትር አጎደለ ያለው ሰው የለም። ጨርቅ ሲለካ በሜትሩ መጨረሻ ላይ አራት ጣት ያህል ጨምሮ ነው የሚቆርጠው። ስለዚህ ነው ከደባርቅ መንገድ የሚመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ፣ ሃያ የጨርቅ ሱቅ አልፈው «ሐጂ ዐብደላ ጋ» የሚሉት።

ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል አለች፤ ድሮ ጥቅል ጨርቅ ይከማችባት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ ሁለት ልጆች መጡ። ሰላምታቸው ረጅም፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ ነው። ከመተማ ሰሊጥ እየገዛ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት አለን፣ ወለድ የለበትም፣ ትርፉን ከባለ ገንዘቡ ጋር እንካፈላለን አሉ። ባንክ ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡት ወለዱ ኃጢአት ሆኖ እየከበዳቸው የሆኑ ብዙ የኛ ሰዎች አሉ፤ ወለዱን ለድሃ የሚሰጡ አሉ፣ ጭራሽ ፍራሽ ውስጥ የሚያኖሩም አሉ። ልጆቹ ይህን ያውቃሉ። አባቴ መጀመሪያ የራሱን ሦስት መቶ ሺህ አስገባ፤ በወሩ ከመቶ ስድስት ትርፍ መጣለት። ከዚያ በኋላ ያቺ ክፍል የድርጅቱ ጠረጴዛና አረንጓዴ ማኅተም ገባላት። ሰው ገንዘቡን ለልጆቹ አልሰጠም፤ ለአባቴ ነው የሰጠው፤ ጨርቅ ለሚለካበት ለዚያው እጅ።

ሰው የማያውቀው ይህን ነው፦ አባቴ ከሚያመጣው ሰው ገንዘብ ሁሉ ከመቶ አምስት ይከፈለው ነበር። ዐይኑ ስለደከመ የባንኩን መልእክት ከስልኩ ላይ የማነብለት እኔ ነኝ። ስንት ገባ ይለኛል፣ እነግረዋለሁ፣ አልሐምዱሊላህ ይላል። ባለፈው ጥቅምት ደግሞ ሌላ መልእክት አነበብኩለት። የራሱ ሦስት መቶ ሺህ ተመልሶ ገብቷል። «አወጣሁት» አለኝ፤ «ሱቁ ዕቃ ይፈልጋል።» በሳምንቱ ከአዲስ አበባ አንድ አይሱዙ ጨርቅ መጣ፤ ሙስዓብ ራሱ ነው ያራገፈው። ልጆቹ ትርፍ ማዘግየት ጀምረው ነበር፤ አባቴ ያንን አይቷል፤ ለማንም አልተናገረም።

በኅዳር ሸምሲያ መጣች። ሸምሲያ ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ከአባቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሃያ ዓመት ሰፍቷል። ሲሞት ሁለት የስፌት መኪናዎቹንና ለሰው ያከራያት የነበረችውን አንዲት ክፍል ሸጣ መቶ ሰማንያ ሺህ ብር አስገብታለች። ልጇ ነርስነት ለመማር የግል ኮሌጅ ክፍያ ስለደረሰባት ግማሹን እንኳ ስጠኝ አለችው። አባቴ ሻይ አስመጣላትና «ትንሽ ታገሺ፤ በጥር የሰሊጡ ትርፍ ይደመራል፤ አሁን ብታወጪ ትጎጃለሽ» አላት። እኔ ባንኮኒው ጀርባ ሻርፕ እያጣጠፍኩ ነበር። የሱ ብር ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሸምሲያ እኔን አየት አድርጋ ሳቀች፤ «አባትሽ ካለ እንግዲህ» አለችኝ። እኔም ሳቅሁላት። በታኅሣሥ መጨረሻ የድርጅቱ ቢሮ ተዘጋ፤ የልጆቹ ስልክ አይጠራም። ለፖሊስ ማመልከቻ ገባ፤ ጉዳዩ እየተጣራ ነው ይባላል፤ እስካሁንም ይባላል።

አቡጀዲውን ከአዲሱ ጥቅል ላይ ዘረጋሁት። ሜትሩን መቶ አርባ ብር ነው የምንሸጠው። ሬሳ ለሚጠቀለልበት ለከፈን ሲሆን አባቴ ዋጋ አይቀበልም ነበር። አሥር ሜትር ለካሁና አራት ጣት ጨምሬ ቆረጥኩት። መደርደሪያው እስከ ጣሪያው ሙሉ ነው። ሙስዓብ ጠዋት የተደራደረው ስለዚህ ነው። አባታችን እዳ አለበት ከተባለ፣ እዳ ከውርስ ይቀድማልና፣ ይህ ሁሉ ጨርቅ መጀመሪያ የነዚያ ሰዎች ነው። እዳ የለበትም ከተባለ የኛ ነው። ከዚህም ከዚያም የሆነ ነገር የለም። አባቴ ደግሞ በሁለቱ መካከል፣ ከፈኑን እየጠበቀ፣ ሳንቃ ላይ ተኝቷል።

ስመለስ አጥበውት ነበር። ከቀትሩ የዝሁር ሶላት በፊት ይዘውት ወጡ። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ሁሉ ተከተሉ፤ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ብዙ ሰው ሄደ። እኛ ዘንድ ሴት መቃብር አትሄድም። ቤቱ በአንድ ጊዜ የኛ ብቻ ሆነ። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋዎቹ ወጥተው ፍራሽ ተነጥፏል፤ ከሃያ የማናንስ ሴቶች ግድግዳ ተደግፈን ተቀምጠናል። እናቴ ጥጉ ላይ ነጭ ሻሽ አስራ፣ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች። የሚመጣው ሰው እጇን ይዞ ያለቅሳል፣ እሷ እጇን ትሰጣለች፣ ትቀበላለች። ሸምሲያ ከሱብሒ ጀምሮ አለች። ማንም ሳያዛት ብርጭቆ ታጥባለች፣ ምንጣፍ ትዘረጋለች፣ ሻይ ታቀርባለች። ስታልፍ ቀና ብዬ ማየት ስላልቻልኩ የቀሚሷን ጠርዝ ብቻ ነው የማየው።

ወሬውም የለቅሶ ቤት ወሬ ነው። ስኳር መቶ ስልሳ ገባ ትላለች አንዷ፤ ምን መቶ ስልሳ፣ እኔ በመቶ ሰባ ገዛሁ ትላለች ሌላዋ። ከኮሶዬ የመጣችው ዝናሽ ስለ መንገዱ ታወራለች። ዝናሽ ክርስቲያን ናት፤ ደባርቅ መንገድ ዳር ምግብ ቤት አላት፣ የጠረጴዛ ልብሷን ሁሉ ከአባቴ ነው የምትገዛ። ድንችና ነጭ ሽንኩርትም ታስመርታለች። ሁለት መቶ አርባ ሺህ አስገብታለች። አንድ ጊዜ እኔው ፊት አባቴን «እናንተ ወለድ የምትፈሩ ሰዎች ናችሁ፤ የሚፈራው ነገር ያለው ሰው አይሰርቅም» ስትለው ሰምቻለሁ። ከኮሶዬና ከድብ ባሕር የመጡት ክርስቲያኖች ሁሉ የገቡት በዚሁ ሐሳብ ነው። እኛን ያመኑን ስለምንፈራ ነው።

ስምንት ሰዓት አካባቢ ከቀብር የተመለሱ ሰዎች ድምፅ ድንኳኑ ውስጥ ተሰማ። የዝናሽ ባል አለበል እስከ ሳሎኑ በር መጣና ጫማውን አውልቆ ሳይገባ ቆመ። ሽማግሌ ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞታል።

«ዝናሽ፣ ተነሽ እንግዲህ፤ ማኪናው አሥር ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ኋላ መንገዱ አይታመንም» አላት። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ «ሸጋ አርገው ቀብረውታል እመቤቴ። እግዜር ያጥናሽ» አለ።

«አያ አለበል፣ ሙስዓብ ምን አለ?» አልኩት። ለምን እንደጠየቅሁት አላውቅም፤ የማውቀውን ነው የጠየቅሁት።

«ምን ይላል፣ አባቴን ማሩልኝ አለ። ሰዉም ሁሉ አፉ ብለናል አለ፣ በአንድ አፍ ነው ያለው። እኔ ቋንቋውን ባላውቅም ማርኩት አልኩ።»

«ምነው? ማን በል አለህ?» አለች ዝናሽ።

«አስከሬን ፊት ቆሜ ምን ልበል? አልማርም ልበል?»

«ዝም አትልም ነበር?»

«ሁሉ ሲናገር ዝም ያልኩ እንደሆነ ሰዉ እኔን አይደል የሚያይ?»

ዝናሽ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «ከሌባ የተረፈው በማርኩት አለቀ በሉኛ» አለች። አንዲት ሴት ሳቋን ዋጠች። ስኳሩም መንገዱም ተረሳ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ሴቶች ግማሾቹ ገንዘብ እንዳስገቡ አውቃለሁ። ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው መቃብሩ ላይ ቆመው ምሕረት ብለው መጥተዋል፤ ማንም ሐቅ ያለህ ብሎ ሳይጠይቃቸው። ሰው አስከሬን ፊት እንዴት አልማርም ይላል? ወንድሜ ይህን አስቀድሞ ለክቶታል።

ሸምሲያ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። አጠገቤ መጥታ እንደ ጎረቤት፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ጉልበቴን ነካ አድርጋ ተቀመጠች። «ዐዚዛ ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «እኔ ወንድ የለኝም። እዚያ የቆመልኝ የለም። አፉ ያለልኝ ሰውም የለም።» ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «እኔን ማንም አልጠየቀኝም» አለች።

ያን ጊዜ ነው የተነሳሁት። እንዴት እንደተነሳሁ ዛሬ ድረስ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ከኅዳር ጀምሮ ዝም ብያለሁ፣ ከጠዋትም ጀምሮ ዝም ብያለሁ። ሴት እንዲህ ብላ ስትናገር አይቼ አላውቅም፤ ቃላቱን ግን አባቴ ለሌሎች ሊናገር ሲወጣ ቤት ውስጥ ሲለማመዳቸው ስለሰማሁ በቃሌ ነው የማውቃቸው። «አባቴ ሐጂ ዐብደላ ላይ ሐቅ ያለው፣ ገንዘቡ የተያዘበት ሰው ካለ ይናገር። ተጠያቂዋ እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ እዚያ ላይ መቆም ሲገባኝ ጨመርኩ። «አባቴ ከእያንዳንዳችሁ ብር ላይ ከመቶ አምስት ወስዷል። የራሱን በጥቅምት አውጥቶታል። ሸምሲያ፣ አንቺን ታገሺ ሲልሽ የሱ ወጥቶ ነበር። እኔ አውቅ ነበር።»

ሸምሲያ ስነሳ ቀሚሴ ላይ የቀረውን እጇን አነሳች። አባቴን እንደዚያ ሰው ፊት ካራቆትኩት በኋላ ነው ከጠዋት የጠፋው እንባዬ የመጣው፤ ቆሜ ነው ያለቀስኩት፣ ማንም አላባበለኝም። አለበል በር ላይ ባርኔጣውን ሲያገላብጥ ቆየና «ምነው ዛሬ፣ ልጄ፤ ሥጋው እንኳ ሳይቀዘቅዝ» አለ።

«ተዋት» አለች ዝናሽ። «ሁለት መቶ አርባ ሺህ» አለችኝ ከዚያ። ወደ ባሏ ዞረች። «አንተ ምረሃል፤ መልካም። ድንቹን ያወጣሁ፣ የሸጥኩ እኔ ነኝ። እኔ አልማርኩም።»

«ብሩን ያስገባንበት ወረቀት በኔ ስም ነው እኮ» አለ አለበል።

«ወረቀቱማ አሁን ምን ሆኖ።»

ከዚያ በኋላ ተከታተለ። አንዷ አርባ ሺህ አለች። አንዷ ልጇ ከቤሩት የላከችውን ዘጠና ሺህ ጠራች። አንዲት ዐይኗ በደንብ የማያይ አሮጊት ሃያ አምስት ሺህ ካለች በኋላ «ትንሽ ናት፣ ከሌላው ስትተርፍ ይሁን» ብላ ይቅርታ ጠየቀች። ልጆች ከሚማሩበት ደብተር ላይ ቅጠል ገንጥዬ የነሱንም የሌሎቹንም ጻፍኩ። ሸምሲያ አልተናገረችም፤ እኔ ነኝ የሷን አንደኛ ላይ የጻፍኩት፣ መቶ ሰማንያ ሺህ። ስጨርስ ሰባት መቶ ስልሳ አምስት ሺህ ሆነ፤ ወንዶቹ የማሩት ሳይጨመር። የሱቁን መደርደሪያ በሐሳቤ ለካሁት። ሁሉም ተሽጦ እንኳ አይበቃም። ቤቱ ሊጨመር ነው፤ እናቴ የተቀመጠችበት ቤት።

ሙስዓብ የገባው ያን ጊዜ ነው። ከድንኳኑ ሰው ነግሮታል። ጫማውን አላወለቀም፤ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ቆመና ወረቀቱን በእጄ ሲያየው ፊቱ ገረጣ።

«ምንድነው የምትሠሪው?»

«አንተ ያስቀረኸውን።»

«ሰዉ አፉ ብሎታል። ሼሁም ሰምተዋል። ያለቀ ነገር ነው።»

«ወንዶቹ ናቸው ያሉት» አልኩት። «እነዚህ አላሉም።»

«እሺ፣ ከራስሽ ድርሻ ክፈይያቸው። የኔን አትንኪ።» ሴቶቹን ሁሉ በዐይኑ አንድ በአንድ አያቸው፤ ጠዋት እጁን ይዘው አብረውት ያለቀሱትን ሴቶች። «ለቅሶ ነው የመጣችሁት ወይስ ለሒሳብ?» አለ። ሸምሲያ አንድ እጥፋት ያለበትን ምንጣፍ በእጇ ታስተካክላለች። ሙስዓብ ወደ እናታችን ዞረ፤ ድምፁም የልጅነት ድምፁ ሆነ። «እማዬ፣ ዝም አስብያት። አባን ሰው ፊት እያዋረደችው ነው።»

እናቴ ከጥጉ ቀና አለች። ቀኑን ሙሉ የሚነካካት ሰው ሁሉ ሻሿን ወደ ኋላ ገፍቶት ነበር፤ ቀስ ብላ አስተካከለችው። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ልትቆጣኝ መብት ነበራት፤ አርባ ዓመት ባሏ ነው። ሙስዓብም ይህንኑ ነው የጠበቀው። እሷ ግን ወረቀቱን እያየች «ስንት ደረሰ?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«የኔን ጨምሪበት» አለች። «ሲያገባኝ የሰጠኝን የመህሬን ወርቅ አምና ለሰሊጡ ብሎ ሸጦታል። በጥቅምት የሱን ሲያወጣ የኔን አላወጣም። ብጠይቀው፣ አንቺ ምን ቸኮልሽ፣ ባልሽ እያለ አለኝ።»

ይህን እኔም አላውቅም ነበር። እርሳሱን ይዤ እናቴን በምን ስም እንደምጽፋት ግራ ገባኝ፤ ስሟን ጽፌ አላውቅም።

«አንቺስ እህቴ፣ አፉ ብለሽዋል?» አለቻት ሸምሲያ። ከተናገርኩ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነው።

እናቴ ሙስዓብን አየችው፤ ከዚያ እሱ የቆመበትን፣ አባቴን ተሸክመው የወጡበትን በር አየችው።

«ሲከፈለኝ» አለች።

ሙስዓብ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። አለበል ከደጅ ሆኖ ማኪናው ሊሄድ መሆኑን ሁለት ጊዜ ተናገረ። ዝናሽ እግሯን አጥፋ ነጠላዋን አስተካከለች። ከሴቶቹ አንዷም አልተነሳችም።